«አማርኛ የቻለ ሁሉ ኮደር ነው»? እስቲ እንነጋገር

ጋሽ ሰርቨር፦
ቡናዬን ሳልጨርስ ነው የተበሳጨሁት። ባለ ሴሚኮለን የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ማታ እዚሁ እንዲህ ብሎ ለጥፏል፦ «የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ እውነቱን ነው። ኮዲንግ አብቅቶለታል። የፕሮግራም ቋንቋው የሰው ቋንቋ ሆኗል። ከእንግዲህ አማርኛ የቻለ ሁሉ ኮደር (ፕሮግራም ጻፊ) ነው። እኛ ግን እስካሁን ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሉፕ እንጽፋለን።» 47 ላይክ! ለካ እኔ 20 ዓመት ሙሉ ሰርቨር ክፍል ውስጥ በብርድ የተቀጠቀጥኩት አማርኛ ስለማልችል ኖሯል።

ባለ ሴሚኮለን፦
ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ላይኩ 52 ገብቷል። ደግሞ ከራሴ አላመጣሁትም። ሰውዬው በፌብሩዋሪ 2024 ዱባይ፣ የዓለም መንግሥታት ጉባኤ ላይ ነው የተናገረው። ልጆቻችሁ ፕሮግራሚንግ ይማሩ ሲባል ከርሟል፤ አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ የኛ ሥራ ማንም ሰው ፕሮግራም መጻፍ ሳያስፈልገው የሚያዘው ኮምፒውተር መሥራት ነው አለ። እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

የመርካቶዋ፦
ሾላ ገበያ የበግ ነጋዴ «በጌ ከሲታ ነው» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ሰውዬው የሚሸጠው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚሠራበትን ቺፕ ነው። ታዲያ ምን ይበል? ኮድ ተማሩ፣ ቺፔ ይቅርባችሁ?

ባለ ሴሚኮለን፦
ነጋዴ ሁሉ ውሸታም ነው እያሉኝ ነው? እርስዎም ነጋዴ ነዎት እኮ።

የመርካቶዋ፦
እኔ ፎቶ ኮፒ ነው የምሸጠው። «ወረቀት አብቅቶለታል» ብዬ ዱባይ አልሄድኩም።

ቨርጂኒያው፦
ልጁን ለቀቅ አድርጉት እንጂ! እኔ በሥራው ውስጥ ነኝ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። የጉግሉ ሱንዳር ፒቻይ በኦክቶበር 2024 ከአዲሱ ኮዳችን ከሩብ በላይ የሚሆነውን ኤአይ ነው የሚያመነጨው ብሏል። የማይክሮሶፍቱ ሳትያ ናዴላ ደግሞ በኤፕሪል 2025 አንዳንድ ፕሮጀክታችን ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ደርሷል አለ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት በሜይ 6 ሺህ፣ በጁላይ 9 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ቀነሰ። እኛ ቡድን ውስጥ ጁኒየር፣ ማለትም ጀማሪ፣ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ልጁ የጻፈው የሚያም እውነት ነው።

ጋሽ ሰርቨር፦
ፒቻይ ቀጥሎ ያለውን ለምን ዋጥከው? መሐንዲሶች አይተው ሲቀበሉት ነው የሚያልፈው ብሏል እኮ። አማርኛ የቻለ ሁሉ ያየዋል አላለም። «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ነው የያዝኩት። ሁሉ!

ሦስት ባይት፦
እኔ ደግሞ «አማርኛ» የምትለዋን ነው የያዝኩት። ባለ ሴሚኮለን፣ ና ቁጭ በል እንቁጠር። የእንግሊዝኛው «ሄሎ» በነሱ ፊደል አምስት ሆሄ ነው፣ በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት ደንብ ነው) አምስት ባይት። የኛ «ሰላም» ሦስት ሆሄ ነው፣ ዘጠኝ ባይት። እያንዳንዱ ሆሄያችን ሦስት ሦስት ይበላል። የኤአይ ሞዴሎቹ ጽሑፍ የሚቆራርጡት ብዙ ባዩት ቋንቋ ልክ ነው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ይጎርሱታል፣ አማርኛውን ፍርፋሪ ያደርጉታል። የሚከፈለው በፍርፋሪ ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ለኛ ውድ፣ ለነሱ ርካሽ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ በሜይ 2024 ጂፒቲ 4ኦ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ቁርጥራጫቸውን የቀነስኩላቸው ብሎ 20 ቋንቋ ዘርዝሮ ነበር። ጉጃራቲ አለ። ቴሉጉ አለ። አማርኛን ፈልገህ ካገኘህ ጥራኝ።

ባለ ሴሚኮለን፦
እሺ፣ በአማርኛ አይሠራም አልተባለም፣ ይወደዳል ነው። ደግሞ እኔ የምጽፍለት በእንግሊዝኛ ነው።

ጋሽ ሰርቨር፦
ያዙልኝ! «አማርኛ የቻለ ሁሉ» ብሎ ማታ ለጠፈ፣ በማግሥቱ «እኔ የምጽፍለት በእንግሊዝኛ ነው»! ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ማታ የጻፍከው ምን ነበር?

ባለ ሴሚኮለን፦
ምሳሌ ነበር፣ ጋሼ። ምሳሌ።

የቅኔው ልጅ፦
በምሳሌ ከሆነ እኔም ልግባ። አያቴ ጎጃም ናቸው፣ ቅኔ ይቀኛሉ። ከሳቸው በላይ ቋንቋ የቻለ አላየሁም። እንግዲህ ሲኒየር ኢንጂነር ናቸው ማለት ነው? እሳቸው የሚሉት እኮ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ነው። ማሽኑ ሰሙን ይዞ ይሮጣል፣ ወርቁ ሜዳ ላይ ይቀራል። ቅኔውን እንኳ ተዉት። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ ጠብቆ ነው ላልቶ? ጠብቆ ከተነበበ የሚበላው እሱ ነው፣ ላልቶ ከሆነ በዪው እሱ ነው። በተለምዶ ስንጽፍ ማጥበቂያ ምልክት አንጠቀምም። «ሒሳቡ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ይበላል» ብለህ ለባንክ ኤአይ ፕሮምፕት (ትእዛዝ) ስጥና እስቲ እንይ።

የመርካቶዋ፦
😂😂 ባንክ ያነሳኸው ሆን ብለህ ነው አይደል?

ጋሽ ሰርቨር፦
ይነሳ እንጂ! የመጋቢት 2016 ዓ.ም.ቱ የንግድ ባንክ ሌሊት ተረሳ እንዴ? ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጣ አደረ። ተማሪው ካልሲ ሳያደርግ ወደ ኤቲኤም ሮጠ። ባንኩ ራሱ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጣብኝ አለ። ሀከር አልነበረም። ሲስተም ሲሻሻል የተፈጠረ ችግር ነው። ለዚህ ነው ኮዱን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል የምለው።

ባለ ሴሚኮለን፦
ጋሼ፣ ያንን ያደረጉት እኮ ሰዎች ናቸው። ኤአይ ነው ያጠፋው ያለ የለም። ክርክሩ ለኔ ነው የሚጠቅመው።

ጋሽ ሰርቨር፦
ሰው ሲሳሳት ማን እንደተሳሳተ ይታወቃል።

ቨርጂኒያው፦
ታወቀ እንዴ? እስካሁን ስም አልሰማሁም። የጥፋተኞች ዝርዝር ተብሎ ፎቷቸው የተለጠፈው ብሩን አውጥተው ያልመለሱት ናቸው።

ጋሽ ሰርቨር፦
አንተ ከቨርጂኒያ ሆነህ ስለ ኤቲኤም አታስተምረኝ።

ቨርጂኒያው፦
መጣች የተለመደችው። ክርክር ሲያልቅባችሁ «አንተ እዚያ ሆነህ»። «ብር ላክ» የምትሉኝ ግን እዚሁ ሆኜ ነው።

የመርካቶዋ፦
ወደ ጉዳዩ እንመለስ፣ ትጣላላችሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁዋንግ ዱባይ ላይ ልጆች ኮድ አይማሩ ያለው በፌብሩዋሪ 2024 ነው ካላችሁ፣ የኛው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ፣ ኮድ የሚያስተምረው፣ ከዚያችው ከኤምሬትስ ጋር ተባብረን የጀመርነው መቼ ነው? በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ! ቢበዛ አምስት ወር አለፍ ቢል ነው። እነሱ አገር «አትማሩ» የተባለው እኛ ጋ «ተማሩ» ሆኖ መጣ። ወይ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይ ለኛ የተረፈ ትምህርት ነው።

ዱባይ ነኝ፦
አንዴ! ሁዋንግ ኤምሬትስ አይደለም። እንግዳ ሆኖ መጥቶ የተናገረው ነው። እነሱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ሚሊዮን የዐረብ ኮደሮች የሚል ነበራቸው፣ የኛውም የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። እንግዳ በተናገረው ባለቤት አይወቀስም።

የመርካቶዋ፦
አልወቀስኩም። እኔማ ተጠቅሜያለሁ። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ ሁሉም ሰርተፊኬት በኔ ፕሪንተር ነው የሚያልፈው። አንዱ ልጅ መጥቶ ሦስቱንም በቀለም አሳተመ። ከዚያ «እትዬ፣ ፒዲኤፉን ፍላሽ ላይ ጫኑልኝ፣ እኔ አልችልም» አለኝ።

ቨርጂኒያው፦
ይኼ ተረት ነው።

የመርካቶዋ፦
ተረት ከሆነ ፕሪንተሬን ጠይቀው፣ ሰው ቋንቋ ይችላል ተብሏል።

ባለ ሴሚኮለን፦
እኔም ወስጃለሁ ኮርሱን። ለኔ ጠቅሟል። የማይጠቅመው ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመጣው የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ካላመጣህ አትመረቅም። ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት በሙሉ የድሮ ጥያቄ መሸምደድ ነው። ኮምፓይለር፣ ኦቶማታ (ማሽን ምን ማስላት እንደሚችል የሚጠናበት)፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሁሉም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ላብ ውስጥ 60 ተማሪ፣ የሚነሡት ኮምፒውተሮች 11። ቻትጂፒቲ ላይ በማታ ፓኬጅ በአንድ ወር የተማርኩት ከዚያ ይበልጣል። «ኮዲንግ አብቅቶለታል» ስል ምሬት እንጂ ትንቢት አይደለም።

ጋሽ ሰርቨር፦
እንግዲህ እንዲህ በል! ምሬት ነው በል። ምሬትህን ይዘህ ሁዋንግን አትጥራብኝ። ነገር ግን ኦቶማታን አትስደብ። ኤአይ የሰጠህ ኮድ መቼ መዞር እንደማያቆም የምታውቀው በሱ ነው።

ሦስት ባይት፦
ጋሼ፣ ይህች ላይ ትንሽ አጋነኑ።

ጋሽ ሰርቨር፦
ትንሽ።

የቅኔው ልጅ፦
ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ሜትር የሚባል ተቋም በ2025 ያደረገው ጥናት አለ። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች፣ ራሳቸው ለዓመታት በሚያውቁት ኮድ ላይ፣ 246 ሥራ። ኤአይ ሲፈቀድላቸው 19 በመቶ ዘገዩ። ራሳቸው ግን 20 በመቶ የፈጠንን መስሎን ነበር አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ መዘግየቱ አይደለም። መስሏቸው መቅረቱ ነው።

ቨርጂኒያው፦
16 ሰው! የኛ ማኅበር እቁብ እንኳ ከዚህ ይበዛል። ደግሞ በ2025 መጀመሪያ በነበረው ሞዴል ነው። እነዚያ ኮዳቸውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ናቸው። ባለ ሴሚኮለን የማያውቀውን ኮድ ነው የሚከፍተው። ለሱ ያፈጥነዋል።

የቅኔው ልጅ፦
የማያውቀውን ነገር በፍጥነት ያፈጥነዋል። ተስማማን።

ሦስት ባይት፦
በጁላይ 2025 ሬፕሊት በሚባለው በኤአይ ኮድ መጻፊያ ድረ ገጽ ላይ የሆነውንስ? አንዱ ነጋዴ ኤአይው ኮድ እንዳይነካ ከልክሎት ነበር። በሰው ቋንቋ፣ በግልጽ፣ ደጋግሞ። ማሽኑ ሄዶ ሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) አጠፋው። ከዚያ ጥፋቱን አመነ። የሬፕሊት አለቃም ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ ያ ሰውዬ እንግሊዝኛ ይችላል።

ጋሽ ሰርቨር፦
ሰማህ ወንድሜ? ቋንቋ የቻለ ሁሉ! ስምህ ራሱ ሴሚኮለን መሆኑ ነው የሚያስቀኝ። አማርኛ ይበቃል ካልክ ድርብ ሰረዝ ብለህ ቀይረው።

ሦስት ባይት፦
አማርኛና ማሽን ካነሳን ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ «ዶክተር መጣ» ይሁን «መጣች» አይታወቅም። ወደ አማርኛ ሲመልሰው የግድ አንዱን መምረጥ አለበት። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «መጣ» ይላል። ነርስ ሲሆን «መጣች»። የጉግል ትርጉም አማርኛን የያዘው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ባየሁት ችግሩ ይኸው ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ቀን «አንቺ» ሲል አልሰማሁትም።

ባለ ሴሚኮለን፦
ይህን ስላነሳህ ደስ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ «ልጁ»፣ «ወንድሜ»፣ «ና ቁጭ በል»፣ «ሰማህ ወይ» እየተባልኩ ነው። ሴት ነኝ።

የመርካቶዋ፦
ዋይ! እኔም «ሰምተህ ታውቃለህ» ብያለሁ። አፈር ስሆን፣ ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።

ባለ ሴሚኮለን፦
እርስዎስ ግድ የለም። ጋሼ ግን «ማሽኑ ሳያውቅ ይገምታል» እያሉ ነው የዋሉት።

ጋሽ ሰርቨር፦
እኔ ይህን ቃል አላልኩም። ደግሞ ፎቶሽ ድመት ነው። «ባለ» ብለሽ ጻፍሽ። ከየት ላውቅ?

ባለ ሴሚኮለን፦
መጠየቅ ይቻል ነበር። እሱም አይጠይቅም።

ቨርጂኒያው፦
😂 ጋሽዬ፣ ይቺ ጎል ናት።

ጋሽ ሰርቨር፦
ጎል አይደለችም፣ ኦፍሳይድ ናት። ስለ «ሁሉ» ነው የጀመርነው። ሴትም ሁኚ ወንድ፣ «አማርኛ የቻለ ሁሉ ኮደር ነው» ብለሻል። አንሺው።

ባለ ሴሚኮለን፦
«ነገ ይሆናል» ብዬ ላስተካክለው እችላለሁ።

ጋሽ ሰርቨር፦
ነገ አላልኩሽም። «ሁሉ» የምትለዋን ነው።

ዱባይ ነኝ፦
እኔ የምለው፣ እዚህ ላፕቶፕ እንድገዛላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

የመርካቶዋ፦
ስንት ራም?

ሦስት ባይት፦
ክርክሩ አለቀ ማለት ነው?

ጋሽ ሰርቨር፦
አላለቀም! «ሁሉ»!

ባለ ሴሚኮለን፦
61 ላይክ፣ ጋሼ።