3,400 የኪታብ ገጽ፣ አንድ ላፕቶፕ፤ እንዴት ላፍጥነው?

የሸዋ በር ልጅ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ? ደሴ ነኝ። አያቴ የተዋቸው የመንዙማ ኪታቦች አሉ። አብዛኛው አጀሚ ነው፤ አማርኛው በዐረብ ፊደል የተጻፈ። ወረቀቱ ጫፍ ጫፉን እየተበላ ስለሆነ አባቴ "ሳይጠፋ ፎቶ አንሣው" አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ገጽ በገጽ አነሣሁ። 3,400 ፎቶ ሆነ፣ እያንዳንዱ 24 ሜጋፒክስል።

ችግሩ ማጽዳቱ ላይ ነው። የምፈልገው ቢጫውን ወረቀት ነጭ፣ ጽሑፉን ጥቁር ማድረግ ብቻ ነው። በፓይተንና በኦፕን ሲቪ (የፎቶ ማቀናበሪያ ላይብረሪ) ጻፍኩት፣ ይሠራል። ግን አንድ ገጽ 70 ሰከንድ ይፈጃል። በ3,400 አባዙት፤ 66 ሰዓት! በመሃል መብራት ይሄዳል፣ ባትሪዬ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ሲመጣ እንደገና ከአንድ ነው የምጀምረው።

ላፕቶፑ ኮር አይ 5 ነው፤ 4 ኮር (የሲፒዩው ሠራተኛ ክፍሎች)፣ 8 ጂቢ ራም። ፎቶዎቹ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ታስክ ማኔጀር ላይ ሲፒዩው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 በመቶ አይዘልም። አልፎ አልፎ ብቻ ዘሎ ይወርዳል። 4 ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ከፍቼ ሞክሬም ነበር፣ ምንም ለውጥ የለም። እስቲ ስለዚህ ፓራለል ስለሚባለው፣ ሥራን ለኮሮቹ አካፍሎ ባንዴ ስለማሠራት ነገር የምታውቁትን ጀባ በሉኝ።

ቦርከና

ወአለይኩም ሰላም። ትሬዱ ያልሠራው በፓይተን ጠባይ ነው። ፓይተን ውስጥ ጊል የሚባል ቁልፍ አለ። በአንድ ጊዜ የፓይተን ኮድ ማስኬድ የሚችለው ቁልፉን የያዘው ትሬድ ብቻ ነው። አራት ሰው ለደቦ ጠርተህ አንድ ማጭድ ሰጠሃቸው ማለት ነው። አንዱ ያጭዳል፣ ሦስቱ ቆመው ያያሉ፣ ማጭዱን መቀባበሉም ጊዜ ይበላል።

ኦፕን ሲቪ ግን ውስጡ ሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ ሥራውን ሲጀምር ቁልፉን ይለቃል። አንዳንዱን ሥራ ራሱ በኮሮቹ ላይ ይከፋፍላል። አልፎ አልፎ ሲፒዩው ሲዘል ያየኸው ያንን ይመስለኛል። ስለዚህ ጥርጣሬዬ፦ ኮድህ ውስጥ በእጅህ የጻፍከው ፎር ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያዞር ትእዛዝ) አለ። አለ?

የሸዋ በር ልጅ

አለ 🙈

ጦሳ ማዶ

ልጄ፣ ኮር ከመቁጠርህ በፊት ሰዓት ያዝ። ሥራውን ለአራት ከማካፈልህ በፊት የማያስፈልገውን ሥራ አውጣ። አለዚያ ከንቱ ሥራን ለአራት ታካፍላለህ። ከየደረጃው በፊትና በኋላ ሰዓቱን ያዝና በአሥር ገጽ አማካይ አምጣልን። ፎቶውን ማንበብ፣ ሉፑ፣ ጽዳቱ፣ ጥቁርና ነጭ ማድረጉ፣ ማስቀመጡ፤ ለየብቻ።

የሸዋ በር ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ይኸው። ከዲስክ አንብቦ መክፈት 1 ሰከንድ። ሉፑ 41 ሰከንድ። ኖይዝ (ፎቶው ላይ ያለ ነቁጥና ቆሻሻ) ማጥፊያው፣ ኖን ሎካል ሚንስ የሚባለው፣ 24። ጥቁርና ነጭ ማድረግ 1፣ ለእሱ ሳውቮላ የሚባለውን ዘዴ ነው የተጠቀምኩት። በፒኤንጂ ማስቀመጥ 3።

ሉፑ የገባው በቀይ ቀለም ምክንያት ነው። የመንዙማው አዝማችና ርእስ በቀይ ነው የተጻፈው። ወደ ግራጫ ስቀይረው እየሳሳ ይጠፋብኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፒክስል እያየሁ ቀይ ከሆነ ጥቁር አደርገዋለሁ።

ጦሳ ማዶ

24 ሚሊዮን ፒክስል አንድ በአንድ በፓይተን! እንኳን 41 ሰከንድ፣ ከዚህም በላይ ቢወስድ አይገርመኝም።

ሉፑን ጣለው። ቀይ ቀለም ቀይ የሚሆነው ቀዩን ብርሃን መልሶ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ስለሚውጥ ነው። ስለዚህ የፎቶውን አረንጓዴ ቻነል (ፎቶው ከተሠራባቸው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ንብርብሮች አንዱን) ብቻ ብትወስድ ቀዩ ጽሑፍ ራሱ እንደ ጥቁሩ ጠቁሮ ይታይሃል። ግራጫው ያሳሳብህ ቀዩን ቻነል ወደ 30 በመቶ ገደማ ስለሚቀላቅል ነው። ሰማያዊውን ደግሞ አትውሰድ። ያረጀ ቢጫ ወረቀት እዚያ ላይ ራሱ ይጠቁራል፣ ጽሑፉና ወረቀቱ ይቀላቀሉብሃል።

ደስ የሚለው፣ ኦፕን ሲቪ ቀለሞቹን ገልብጦ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ተራ ቢያስቀምጥም አረንጓዴው መሃል ነው። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ቁጥር 1ን ውሰድ፣ አትሳሳትም። 41 ሰከንዱ ዜሮ ሆነ በለው።

ኡሙ ሀናን

ወንድሜ አብሽር፣ ሥራህ ትልቅ ሥራ ነው። ኮዱን ብዙም አላውቅም፣ አጀሚ ግን አነባለሁ። አንድ ነገር ልበልህ፦ ከኖይዝ ማጥፊያው በኋላ የወጣውን ገጽ ከኦሪጅናሉ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ነጥቦቹን ቁጠር። ባ ከታች አንድ ነጥብ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሳ ከላይ ሦስት። ነጥቧ ከጠፋች ፊደሉ ሌላ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይነበብም። እኔ ጋ የመጣ አንድ "የጸዳ" ገጽ ነበር፣ ቃሉን በግምት ነው ያነበብኩት። ላንተ ቆሻሻ የመሰለህ ነጥብ ለእኛ ፊደል ነው።

የሸዋ በር ልጅ

እትዬ ኡሙ ሀናን፣ አላህ ይስጥልኝ። አሁን አየሁት። ሦስት ገጽ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ነጥብ ጠፍቷል! ደነገጥኩ።

ጦሳ ማዶ

እንግዲያው 24 ሰከንዱም ሄደ። ኖን ሎካል ሚንስ በተለመደው ቅንብሩ ለአንድ ፒክስል 21 በ21 ፒክስል የሆነ አካባቢ ያስሳል። በእያንዳንዱ ላይ 7 በ7 ቁራጭ ያወዳድራል። በጥሬው ስታሰላው ለአንዲት ፒክስል 441 ጊዜ 49፣ ማለትም 21,609 ማነጻጸር ነው። ኮዱ ብልሃት ተጠቅሞ ቢያሳጥረውም ከባድ ነው። ከባድ ሆኖ ነጥብ ከበላ ምን ይሠራልሃል?

ሳውቮላ ለብቻው ይበቃሃል። በየአካባቢው ያለውን ብርሃን አይቶ ስለሚወስን የወረቀቱን እድፍ ራሱ ይችለዋል። ፍጥነቱም ጥሩ ነው። ድምሩን አንዴ ስለሚያጠራቅም መስኮቱ (በአንዴ የሚያየው አካባቢ) 25 በ25 ፒክስል ሆነ 75 በ75፣ ሥራው ያው ነው። መስኮቱን ከአንድ ፊደል ቁመት ከፍ አድርገው።

አሁን ስንት ቀረህ? 70 ሲቀነስ 65፣ 5 ሰከንድ። 66 ሰዓቱ አምስት ሰዓት አልሞላም። ገና ፓራለል አልነካንም!

የወልድያዋ

እኔ ግን ኤንቪዲያ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ያለው ማሽን ፈልግ ነው የምለው። ኩዳ በሚባለው የጂፒዩ ማስኬጃ ብታስኬደው በደቂቃ ያልቃል። ካልሆነም ጎግል ኮላብ (በኢንተርኔት ኮድ የሚያስኬድ የጎግል አገልግሎት) ላይ ጫነው፣ ነጻ ነው።

ቦርከና

እህቴ፣ ለዚህ ሥራ አይመስለኝም። ከ5 ሰከንዱ 4ቱ ማንበብና ማስቀመጥ ነው፤ ጂፒዩ እሱን አይነካውም። በዚያ ላይ ፎቶውን ወደ ጂፒዩ መውሰድና መመለስ አለ። ኮላብ ደግሞ 3,400 ፎቶ አንዱ 9 ሜጋ ቢሆን 30 ጂቢ መጫን ነው፤ በሞባይል ዳታ! የዳታው ብር ከላፕቶፑ ጋር ይፎካከራል። ነገ አጀሚውን የሚያነብ ሞዴል ላሠልጥን ካለ ያኔ ጂፒዩ እንፈልግለታለን።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ ወንድሜ። ገጾቹ አንዱ ከሌላው ጋር ጉዳይ የላቸውም። ስለዚህ አንዱን ፎቶ ለአራት አትቁረጠው። ብትቆርጠው ሳውቮላ ጎረቤት ፒክስል ስለሚያይ ስፌቱ ላይ መስመር ይወጣብሃል፣ ካልሆነም ጠርዙን ደራርበህ መቁረጥ አለብህ። ለምን ትደክማለህ? ለየሠራተኛው ሙሉ ገጽ ስጠው።

መልቲፕሮሰሲንግ በሚባለው የፓይተን ክፍል ውስጥ ፑል፣ ማለትም ሥራ የሚከፋፈሉ ፕሮሰሶች ስብስብ፣ አለ። ፕሮሰስ ለብቻው የሚሄድ ፕሮግራም ሆኖ የየራሱ ፓይተን፣ የየራሱ ቁልፍ ስላለው ማጭዱ አራት ይሆናል። የሰው ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው፦ ለሠራተኛው ፎቶውን አትላክለት፣ የፋይሉን ስም ብቻ ላክለት። አንድ የተከፈተ ፎቶ 72 ሜጋባይት ነው። እሱን ከፕሮሰስ ወደ ፕሮሰስ ስታመላልስ ያተረፍከውን ሁሉ ታጣለህ። እሱ ራሱ ይክፈት፣ ራሱ ያስቀምጥ። በየሠራተኛው ውስጥ የኦፕን ሲቪን ትሬድ ቁጥር 1 አድርገው፣ አለዚያ አራቱም አራት አራት ከፍተው ይሻማሉ። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ፑሉን በኢፍ ኔም ሜይን (if __name__ == "__main__") ሥር አስገባው። ከረሳህ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ኮዱን ከላይ ስለሚያነበው ስሕተት በስሕተት ይሆንብሃል።

የሸዋ በር ልጅ

ሞከርኩት። ዊንዶውስ 8 ኮር እንዳለኝ ስላሳየኝ 8 ፕሮሰስ ከፈትኩ። ላፕቶፑ ደረቀ! ማውሱ ራሱ አልንቀሳቀስ አለ፣ አጥፍቼ አስነሣሁት።

ጦሳ ማዶ

ራምህ ሞልቶ ነው። ሳውቮላ ሲያሰላ ፒክስሉን ወደ ዴሲማል ቁጥር ይለውጠዋል፣ አንዱ 8 ባይት ነው። 24 ሚሊዮን ጊዜ 8፣ 192 ሜጋባይት። እንደዚህ ያለ አሬይ (የቁጥር ሠንጠረዥ) አራት አምስት ይይዛል። ለአንድ ሠራተኛ ወደ 1 ጂቢ ቁጠርለት። ስምንቱ 8 ጂቢህን ጨርሰው ዊንዶውስ ወደ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ደግሞ ዊንዶውስ ያሳየህ 8 እውነተኛ ኮር አይደለም፣ 4ቱ በእጥፍ ተቆጥረው ነው። 4 አድርገው፣ ብራውዘርህንም ዝጋ።

ዲስኩንም አስብበት። ሃርድ ዲስክ የሚያነብበት አንድ ክንድ ነው ያለው፣ አራት ሰው ሲጠራው ወዲያና ወዲህ ይባዝናል። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያስቀመጣት ሒሳብ አለች፦ ከ5 ሰከንዱ 1ዱ ወረፋ ከሆነ በ4 ኮር የምታገኘው 4 እጥፍ ሳይሆን 2.5 እጥፍ ነው። ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ካለህ ፎቶውን በክፍል በክፍል እዚያ ገልብጥና አስኪደው። የፒኤንጂውን መጭመቂያ ደረጃም ዝቅ አድርገው።

ኮምቦልቻ 11

የመብራቱን ነገር ማንም አልመለሰለትም እኮ። ቀላል ነው። ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ ፎልደር ውስጥ ካለ ይለፈው። ግን መብራት ሲጠፋ በግማሽ የተጻፈ ፋይልም "አለ" ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ያስቀምጥ፣ ሲጨርስ እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙን ይቀይር። ትክክለኛ ስም ያለው ሁሉ ያለቀ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ሙቀት አለ፣ ላፕቶፑ ሲግል ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ደሴ ብርድ ነው፣ ለዚህ እንኳ ታድላችኋል 😄 ከሥሩ ሁለት እንጨት አድርግለት፣ አልጋ ላይ አታስቀምጠው።

የሸዋ በር ልጅ

አልቋል! 4 ፕሮሰስ፣ ፎቶው ኤስኤስዲ ላይ፣ አረንጓዴው ቻነል፣ ሳውቮላ ብቻ። 3,400ው በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። መብራት አንዴ ሄዶ ነበር፣ ከቆመበት ቀጠለ። በአንድ ፕሮሰስ 5 ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነበር፣ ስለዚህ 2.8 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ጋሼ ሒሳብዎ ልክ ነበር።

ነጥቦቹን ከአባቴ ጋር እየቆጠርን ነው። ቡናው ገና ቶና ላይ ሳለ 41 ገጽ ከመጀመሪያውም ደብዝዞ እንደተነሣ አየን። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው መሰል። ነገ ጠዋት ብርሃን ሲኖር ካሜራውን አወጣለሁ።

ኡሙ ሀናን

ማሻ አላህ። ስታነሣ ገጹን በመዳፍህ አትጫነው፣ ከጠርዙ ያዘው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጽ ላክልኝ፣ አብረን እናነባለን።