የአጎቴ ደብዳቤ ከአስመራ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1983፦ ጽሕፈቱ የማን ነው?

የቢቸናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ሙዳይዋን ስንከፍት ከፈትሏ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ አገኘን። በብሔራዊ ውትድርና የሄደው አጎቴ ከአስመራ የላከላት ነው። «ለተወደድሽው እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለበትም። የሚጠይቀው ስለ ጊደሯ ነው፤ ወልዳ ከሆነ እንዳትሸጥበት፣ ለመስቀል እንደሚመጣ።

አልመጣም። ደብዳቤው በተጻፈ በ19ኛው ቀን፣ ግንቦት 16፣ አስመራ ተያዘች። አያቴ «ደህና ነኝ ብሎ ጽፎልኛል» እያለች ተዝካሩን ሳታወጣ ሞተች።

አሁን እናቴ ወረቀቱን አይታ «ይሄ የወንድሜ እጅ አይደለም» አለች። እሱ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው፣ ፊደሉም የተንጋደደ ነበር። ይሄ ግን የጸሐፊ እጅ ነው፣ ያምራል። ሌላ ሰው ሊያጽናናት ብሎ ጽፎት ይሆን? እንቅልፍ ነሥቶኛል። ወረቀቱም ከማጠፊያው ሊበጠስ ነው፤ ላሚኔት ላስደርገው?

የቀድሞ ወታደር፦
ልጄ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ለጓዶቼ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ማታ ማታ፣ የጥይት ሳጥን ጭኔ ላይ አድርጌ። ፊደል የቆጠረውም «አንተ ታሳምረዋለህ» እያለ ይመጣ ነበር። እጁ የቆሰለም ነበር፣ አልደብቅሽም። ምጽዋ በየካቲት 1982 ከተያዘች ወዲህ ወደ መሃል አገር መውጫችን አውሮፕላን ብቻ ስለነበር፣ ቁስለኛ ሲሳፈር ደብዳቤውን ኪሱ እንከትለት ነበር።

ስለ ጦርነቱ አለመጻፉ አይግረምሽ። የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ እሷ ሰምታ እንዴት ታድራለች? ጊደሯን ግን ሌላ ሰው ከየት ያመጣታል? ያስጻፈው እሱ ነው።

አስመራ ስትያዝ እኛ በከረን አድርገን በእግር ወደ ከሰላ ወጣን። መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው።

እኔ ስጨርስ እስክሪብቶውን ለባለቤቱ እሰጥ ነበር፣ ከታች የራሱን ነገር እንዲያኖር። ግርጌውን እይው።

መዝገብ ቤት የምሠራ፦
እባክሽ ላሚኔት እንዳታስደርጊው! ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩም ተመልሶ አይላቀቅም። ፕላስተርም አትለጥፊበት፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሺው። ከዚያ እጥፋቱን ቀስ ብለሽ ዘርግተሽ፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል አድርገሽ ፀሐይና እርጥበት ከማይደርስበት አኑሪው። ፌስታሉ ውስጥ አትመልሺው።

የቢቸናዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግርጌው ላይ ያለችውን ነገር እድፍ መስላኝ አልፌያት ነበር። «እምዬ» ነው የምትለው፤ የ«ዬ»ን ቀለበት በግራ በኩል አድርጓታል። እናቴ ስታያት «እንደዚህ ነበር የሚጽፋት፣ መምህሩ ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር» ብላ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው።

ጊደሯ አልተሸጠችም። ወልዳ፣ ደጋግማ ወልዳ፣ አርጅታ እቤት ሞተች።