ረቂቅ 2፦ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት እትብት ስለማቆየት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው በተስማማነው መሠረት ለክልሉ ጤና ቢሮ የምናቀርበውን ረቂቅ እዚህ እንጨርሰው። ከአንድ ገጽ ተኩል በላይ ከሆነ የሚያነበው የለም። ዋናው ዓረፍተ ነገር ለጊዜው ይህ ነው፦ «ከ37 ሳምንት እርግዝና በፊት የተወለደና ወዲያው የትንፋሽ እርዳታ የማያስፈልገው ሕፃን እትብቱ ቢያንስ 60 ሰከንድ ሳይታሰር ይቆይ።» የዓለም ጤና ድርጅት እትብቱ ከ1 ደቂቃ በፊት አይታሰር ካለ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትንተና ደግሞ ከ3,000 በላይ ሕፃናትን አንድ ላይ አይቶ፣ ቶሎ ከታሰረባቸው ከመቶ 8 ያህሉ፣ ከቆየላቸው ግን ከመቶ 6 ያህሉ ከሆስፒታል ሳይወጡ እንደሞቱ አሳይቷል። እስቲ አርሙት።

አዋላጅ፣ ሆስፒታል፦
በዓረፍተ ነገሩ ጠብ የለኝም። ግን እሱ እኮ ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ አለ፤ ሥልጠናውንም ወስደናል። ታዲያ ለምን አይደረግም? የ30 ሳምንት እናት ስትገፋ አስቡት። ማሞቂያው ያለው ክፍሉ ጥግ ላይ ነው፤ አምቡው (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) እዚያ፣ መምጠጫው እዚያ፣ ሶኬቱም እዚያው። ሕፃኑ ወጣ፣ መዳፍ የማይሞላ ነው፣ ድምፁ አይሰማም፤ እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ መቀሱ ነው። የምንቆርጠው መመሪያውን ረስተን አይደለም፣ ሕፃኑን ወደ ጥግ ለማድረስ ነው። «60 ሰከንድ ይቆይ» ብለን ብቻ ከጻፍን ቢሮው ሌላ ፖስተር አሳትሞ ይልክልናል። ዕቃው ወደ እናቲቱ አልጋ ይምጣ እንበል።

የጨቅላ ክፍል ነርስ፦
ሲስተር ያሉትን እደግፋለሁ፤ ከእኛ በኩል ደግሞ አንድ ስጋት አለ። ያው የ2023 ትንተና ከ32 ሳምንት በታች ያሉት እትብታቸው ሲቆይ ይበልጥ ቀዝቅዘው ወደ ጨቅላ ክፍል እንደሚደርሱ አሳይቷል። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት ከእኛ የተሻለ ማሞቂያ ባለባቸው አገሮች መሆኑን አትርሱ። እኛ ጋ መስኮቱ ተሰብሮ በካርቶን የተሸፈነ ማዋለጃ ክፍል አለ። ስለዚህ ከሰከንዱ በፊት ሙቀቱ ይጻፍ፦ ክፍሉ ቢያንስ 25 ዲግሪ፣ በርና መስኮት ዝግ፣ ደረቅ ጨርቅና ኮፍያ ቀድሞ የሞቀ፣ ከ32 ሳምንት በታች ለሆኑት ደግሞ ፌስታል። ፌስታል ስል ከሱቅ የሚመጣውን ጥቁሩን አይደለም፤ ንጹሕና ብርሃን የሚያሳልፍ። ሰውነቱን ሳናደርቅ እስከ አንገቱ እናስገባዋለን፣ ጭንቅላቱን አድርቀን ኮፍያ እናጠልቅለታለን። ይህ ሁሉ እትብቱ ሳይቆረጥ በእናቱ ሆድ ላይ ሊሠራ ይችላል።

አዋላጅ፣ ጤና ጣቢያ፦
ሦስት ጥያቄ አለኝ። ሌሊት ብቻዬን ነኝ፤ ማን ይቆጥርልኛል? የእናቲቱን ደም መፍሰስ የሚከላከለው መርፌ፣ ኦክሲቶሲኑስ አይዘገይም? ደግሞስ ሕፃኑን ከእናቱ ዝቅ አድርገን ካልያዝነው ከእንግዴ ልጁ ደሙ አይወርድለትም ሲሉን ነው የኖርነው።

ሐኪም፣ ማህፀንና ጽንስ፦
ከመጨረሻው ልጀምር። አርጀንቲና ውስጥ ጊዜያቸውን ጠብቀው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አለ፤ በእናቱ ሆድ ላይ የተቀመጠውም ዝቅ ተደርጎ የተያዘውም ያገኙት ደም አልተለያየም። ስለዚህ ሆዷ ላይ ይሁን፣ ይሞቃልም። ኦክሲቶሲኑ አይጠብቅም፤ 10 ዩኒቱ በዚያችው ደቂቃ ጭኗ ላይ ይወጋል፣ እትብቱ ራሱን ችሎ ይቆያል። ማቆየቱ የእናትን ደም መፍሰስ እንደማይጨምር ታይቷል። ኤችአይቪም ቶሎ ለመቁረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ይህንን በግልጽ ጻፉት፣ አሁንም የሚቆርጥ አለና። የማይቆየው እናቲቱ በብዛት እየደማች ከሆነ፣ እንግዴ ልጁ ቀድሞ ከተላቀቀ፣ እትብቱ ከተበጠሰ ነው። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮችንም ከዚህ አውጧቸው።

አዋላጅ፣ ጤና ጣቢያ፦
ቆጣሪውስ ዶክተር? ስልኬን በጓንት ልያዝ?

አዋላጅ፣ ሆስፒታል፦
ከአልጋው እግርጌ፣ ስናዋልድ ቀና ብለን የምናየው ግድግዳ ላይ የሰከንድ ዘንግ ያለው ሰዓት ይሰቀል። የእኛው ከኋላችን ነው የተሰቀለው፤ ማን እንደሰቀለው እንጃ፣ አዋላጅ ግን አይደለም።

አስተባባሪ፦
ገባ። ጊዜ ባጣን ጊዜ እትብቱን ወደ ሕፃኑ እየጨመቁ መግፋትን፣ ሚልኪንግ የምንለውን፣ ላካትተው? ከ28 ሳምንት በላይ ላሉት እትብቱን ማቆየት ካልተቻለ እንደ አማራጭ ይታያል።

ሐኪም፣ ማህፀንና ጽንስ፦
እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሙከራ ከ23 እስከ 27 ሳምንት ባሉት ሕፃናት ላይ የተቋረጠው እኮ ከተጨመቀላቸው 22 ከመቶው ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ስለገጠማቸው ነው፤ እትብቱ በቆየላቸው 6 ከመቶ ነበር። 28 ላይ መስመር ለማስመር ሳምንቱን ማወቅ አለብን። ከምናዋልዳቸው ስንቶቹ የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን በትክክል ይነግሩናል? ስንቶቹስ ቀደም ብለው አልትራሳውንድ ታይተዋል? «29 ነው» ያልነው 26 ሆኖ እናገኘዋለን።

የጨቅላ ክፍል ነርስ፦
ይውጣ። ደሙ የፈሰሰበትን ሕፃን የምንቀበለው እኛ ነን።

አስተባባሪ፦
አስተያየታችሁን ተቀብዬ አወጣሁት። ያልተነፈሰውን ሕፃን ግን ሳንጽፍ ማለፍ አንችልም።

አዋላጅ፣ ሆስፒታል፦
አጭር ይሁን፦ «እትብቱ ሳይቆረጥ ጀርባው ይታሽ፤ አሁንም ካልተነፈሰ ታስሮ በአምቡ ይረዳ፤ 60 ሰከንድ ለመሙላት ሲባል ትንፋሽ አይዘግይ።» ወርቃማዋን ደቂቃ፣ ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ይረዳ የምትለውን፣ ሁሉም ያውቃታል፤ አዲሱ ሐሳብ እሷን የሚሽር እንዳይመስል።

የአንስቴዥያ ባለሙያ፦
ቀዶ ሕክምናውን ረሳችሁት። እኛ ጋ ሕፃኑ ከመውጣቱ ተቀባይዋ አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ «ስጡኝ» እያለች ነው የምትቆመው፣ እሷን አይቶ የማይጣደፍ ቀዳጅ የለም። «በቀዶ ሕክምና ሲወለድም (ሲኤስ) ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ በስቴራይል ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይ፣ ሰከንዱን አንስቴዥያ ጮክ ብሎ ይቁጠር» በሉ። እኛ ሞኒተሩ ላይ ሰዓት አለን፣ እጃችንም በዚያች ደቂቃ ብዙ አይያዝም።

አስተባባሪ፦
ይህ ጥሩ ነው፣ እንዳለ አስገባሁት። የምንጠይቀው ዕቃ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሕፃኑ በእናቱ አልጋ አጠገብ የሚረዳበት ጎማ ያለው ጠባብ የማነቃቂያ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የክፍል ቴርሞሜትር፣ ፌስታልና ኮፍያ። በካርዱ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ይጨመር፦ እትብቱ በስንት ሰከንድ እንደታሰረና ሕፃኑ ጨቅላ ክፍል ሲደርስ የነበረው ሙቀት። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መመዝገብ ለሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ ይሆናል።

አዋላጅ፣ ጤና ጣቢያ፦
ጠረጴዛው ከውጭ ይገዛ ከተባለ ለእኛ አይደርሰንም። የወረዳ አናጢ በብረትና በጎማ ይሠራዋል፤ ፍራሹ የሚታጠብ ሸራ ይሁን፣ ጠርዙ ከፍ ይበል። ልኩን በማዋለጃ አልጋችን ቁመት ለክቼ ነገ እለጥፋለሁ።

አስተባባሪ፦
ለኪልን። ሲስተር ከሆስፒታል ደግሞ የሰዓቱንና የቴርሞሜትሩን ዋጋ ከግዢ ክፍል ይጠይቁልን። ሁለቱ ሲመጡ ረቂቅ 3ን እለጥፋለሁ።