የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ኮሮነሩ የሚዘጋጀው ተከታታይ ትረካ የጋራ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ የድርሰት ክፍሉና የትርጉም ክፍሉ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በጋራ የሚያቀርቡት የትረካ ዕቅድ ረቂቁ እነሆ። ታሪኩ ስምንት ክፍል ያለው ወጥ ልቦለድ ሲሆን በ1266 የጸደይ ወራት፣ በእንግሊዝ አገር በቤድፎርድሺር፣ በኡዝ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መንደር ይፈጸማል፤ መርማሪው የአውራጃው ኮሮነር፣ ማለትም ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው የንጉሡ ሹም ነው። በረቂቁ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዘመኑን የመረጥሁት በንጉሡ ላይ ያመፁትን ባላባቶች የመራው ሲሞን ደ ሞንትፎርት በነሐሴ 1265 በኤቭሻም ጦር ሜዳ ከወደቀ ገና ዓመት ያልሞላበትና ተሸናፊዎቹ የሚሸሸጉበት ጊዜ በመሆኑ ነው። ከዚህም ሌላ የቤድፎርድሺር ኮሮነሮች መዝገብ ከእነዚያው ዓመታት ጀምሮ ተጠብቆ ስለቆየ፣ ስንጽፍ የምንደገፍበት አለን።

አንድ ነገር እንዳይነካብን አጥብቄ እለምናለሁ። ኮሮነሩን ለእውነት ካለው ፍቅር ብቻ ከሬሳ ወደ ሬሳ የሚዞር ሰው አድርገን ከሣልነው ዘመኑን እናጣዋለን። ሹመቱ የተደነገገው በመስከረም 1194፣ ንጉሥ ሪቻርድን ከእስር ለማስፈታት የተሰበሰበው ቤዛ አገሩን ባራቆተ ማግስት፣ ሊቀ ጳጳሱ ሂዩበርት ዋልተር መንግሥቱን ያስተዳድሩ በነበረበት ወቅት ነው፤ እያንዳንዱ አውራጃ ሦስት ባላባቶችና አንድ ካህን መርጦ የዘውዱን ጉዳዮች እንዲያስጠብቅ ታዘዘ። ድንገተኛ ሞት ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱ ሆነ፤ ለግምጃ ቤቱም ገቢ አስገኘ። ኮሮነሩ ሳይደርስ ሬሳ የቀበረ መንደር ይቀጣል። ሬሳውን መጀመሪያ ያየ ሰው ኡኡ ብሎ ጎረቤት መጥራትና ዋስ ማቅረብ አለበት። ሰው የገደለ ጋሪ፣ ፈረስ ወይም ጀልባ ተገምቶ ዋጋው ለንጉሡ ይገባል። የተገደለው ሰው እንግሊዛዊ መሆኑ በዘመዶቹ ካልተረጋገጠ እንደ ኖርማን፣ ማለትም ከአገሪቱ ድል አድራጊዎች ወገን እንደሆነ ይቆጠርና ወረዳው በሙሉ መቀጮ ይከፍላል። እንግዲህ በዚያች መንደር ያለ ሰው ሁሉ እጁ ከደም የጸዳ ሆኖ እንኳ የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው፤ ምስጢሩም ከዚህ እንዲፈልቅ እጠይቃለሁ።

ከድርሰት ክፍሉ፦

ሐሳቡን ተቀብለን የመጀመሪያውን ክፍል እንዲህ አሰብነው። አንዲት ሴት ጎህ ሳይቀድ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ በደንገሉ መካከል በግንባሩ የተደፋ ሰው ታያለች። እንስራዋን አስቀምጣ ትከሻውን ትገለብጠዋለች፤ የቀኝ እጁ መዳፍ ተጨብጧል፣ ከጣቶቹም መካከል የቤት ክዳን የሚሆን ደረቅ ሰንበሌጥ ወጥቷል። ኡኡ ልትል አፏን ትከፍትና ዝም ትላለች። በዚያው ሌሊት የመንደሩ ሽማግሌዎች ሬሳውን በጀልባ አሻግረው በማዶው መንደር መሬት ላይ ይጥሉታል። ባለጀልባው የገደለው ሰው የለም፤ ነገር ግን ሰውየው ከጀልባ ወድቆ ሞተ ከተባለ ጀልባው ሊወረስበት ስለሚችል፣ ሲነጋ አፍርሶ ማገዶ ያደርገዋል። አድማጩ እሱን መጠርጠሩ አይቀርም።

ከሕግ ባለሙያ አባል፦

ሴትየዋ ለምን ዝም እንዳለች ረቂቁ አይናገርም፤ ክፍተቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1215 በወጣው የእንግሊዝ የመብት ሰነድ፣ በማግና ካርታ፣ 54ኛ አንቀጽ መሠረት አንዲት ሴት ከባሏ በቀር በሌላ ሰው ሞት ብትከስ፣ በእርሷ ክስ ማንም አይያዝም። ስለዚህ ሟቹ ባሏ ሳይሆን ከሞንትፎርት ወገን ተሰልፎ፣ ተሸንፎ የተመለሰ ወንድሟ ይሁን። እሷና አጎቷ ቀርበው «የእኛ ነው» ቢሉ ወረዳው ከመቀጮ ይድናል፤ ነገር ግን ዓመፀኛ በቤታቸው መሸሸጋቸው ይታወቃል። ዝም ቢሉ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ለማያውቁት ሰው ደም ይከፍላሉ። ከዚህ በላይ ውስብስብ ሤራ መፈለግ ያለብን አይመስለኝም።

በተጨማሪም ኮሮነሩ ፈራጅ እንዳልሆነ በየክፍሉ እንጠንቀቅ። 24ኛው አንቀጽ ሸሪፍም ሆነ ኮሮነር የዘውዱን ክስ እንዳይዳኝ ይከለክላል። እሱ ይመረምራል፣ ያስመዘግባል፤ የሚፈርዱት ከዓመታት በኋላ በዙር የሚመጡት የንጉሡ ዳኞች ናቸው።

ከሐኪም አባል፦

በምርመራው ላይ ሬሳ አይከፈትም፤ ሁሉም የሚታየው በዓይንና በእጅ ነው። በ1276 የወጣው የኮሮነር ሥራ ሕግ የቁስሉ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት እንዲለካ ያዛል፤ የእኛ ታሪክ በአሥር ዓመት ስለሚቀድም ኮሮነሩ ሕጉን ሳይጠቅስ በገዛ ልማዱ በጣቱ ይለካ። ሰንበሌጡን ወድጄዋለሁ። ሬሳ ውኃ ውስጥ ሲቆይ የእጅ ቆዳ ይሸበሸባል፣ ጭብጡ ግን አንዳንድ ጊዜ እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ሰውየው የተያዘው ወንዝ ዳር ሳይሆን ጣራ ሥር መሆኑን ኮሮነሩ ከዚያ ሊረዳ ይችላል። ደረቅ የሚለው ቃል ግን ይውጣ፤ ወንዝ ውስጥ ያደረ ሰንበሌጥ ደረቅ አይሆንም።

ከነባር አባል፦

ልጆቼ፣ ዕቅዱን እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ የአራት አጎራባች መንደር ወንዶች በኮሮነሩ ፊት ይሰበሰቡ ነበር ሲባል፣ አባቶቻችን አጥፊው እስኪታወቅ የሚቀመጡበት አፈርሳታ ትዝ አለኝ። ጉባኤውን አፈርሳታ ብንለው ሰሚው ቶሎ አይረዳምን?

ከትርጉም ክፍሉ፦

አባታችን፣ ጥያቄው እኛንም ለሁለት ከፍሎናል። በመጨረሻ የተስማማነው ቃሉን እንዳንጠቀምበት ነው፤ በእንግሊዙ ጉባኤ ጥቂቶች ተመርጠው በመሐላ ቃል ይሰጣሉ፣ ካህኑም ይጽፋል። አፈርሳታ ካልነው ሰሚው የራሱን አገር ሥርዐት ይዞ ይገባና ይህን ልዩነት አያየውም። «የሬሳ ጉባኤ» ብለን ተርጉመነዋል። ኮሮነር የሚለውን እንዳለ እንተዋለን፤ ቃሉ ዘውድ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ መሆኑን ካህኑ በመጀመሪያው ክፍል ይናገር። ኡኡታ ግን ያለ ምንም ማብራሪያ ይቆይ፤ ከእርሱ የተሻለ ቃል የለንም።

የበለጠ ያሳሰበን የቋንቋው ጉዳይ ነው። ገበሬው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ባላባቱ ፈረንሳይኛ ይቀናዋል፣ መዝገቡ የሚጻፈው በላቲን ነው። የሴትየዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ብራናው ላይ ሲሰፍር የሚጎድለውን ነገር አድማጩ በጆሮው እንዲሰማ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ በስድስተኛው ክፍል እሷ የተናገረችው ሙሉ ቃል ከተሰማ በኋላ ካህኑ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ይነበብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሁሉንም ተቀብዬ ለጉባኤው የሚቀርበውን ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው አስተካክያለሁ፤ ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍልኝ።

«ትረካው ወንድሟን ያጣች፣ ነገር ግን ሕግ ከሳሽ እንድትሆን ያልፈቀደላት ሴት በሬሳው ጉባኤ ላይ ለመናገር ወይም ዝም ለማለት የምትወስነውን ውሳኔ ይከተላል። ኮሮነሩ የንጉሡን ገቢ እንዲያስጠብቅ የተሾመ ሆኖ፣ በሥራው መካከል የአንድ ሰው ሞት እንዴት እንደደረሰ ማወቅ ግድ የሚለው ሰው ነው። መንደርተኞቹ ሬሳውን ያሻገሩት ከድህነት የተነሣ መሆኑ ለአድማጩ ግልጽ ይደረጋል።»

የመጀመሪያውንና ስድስተኛውን ክፍል የድርሰት ክፍሉ አስቀድሞ ይጽፋል፤ የሕግ ባለሙያዋና ሐኪሙ ከቀረጻ በፊት ያነቡልናል። ጋሼም ፈቃድዎ ከሆነ፣ የሽማግሌዎቹን ንግግር ለአንደበት እንዲመች አድርገው እንዲያቀኑልን በአክብሮት እንጠይቃለን።