የኮሎራዶ አቫላንች የ1996 ዋንጫ የማን ነው? የዴንቨር ወይስ የኩቤክ?

ጥያቄ፦
የበረዶ ሆኪ ቡድኖችን ታሪክ ሳነብ የኮሎራዶ አቫላንች ጉዳይ ግር አሰኘኝ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1995 ከካናዳዋ ኩቤክ ከተማ ወደ ዴንቨር ተዛውሮ ገና በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ የብሔራዊ የሆኪ ሊግ ሻምፒዮን የሚሸለመውን የስታንሊ ዋንጫ አነሣ። ኩቤክ ሳለ፣ ኖርዲክ በሚባልበት ዘመን ግን፣ ለዚህ ዋንጫ ፍጻሜ እንኳ ደርሶ አያውቅም። ዋንጫውን ያሰናዳችው ኩቤክ ናት ማለት ይቻላል? ከሆነስ እንዲህ ያለ ቡድን ለምን ተሸጠ?

መልስ 1፦
በእኔ እምነት ዋንጫው በአመዛኙ የኩቤክ ሥራ ነው። ኖርዲክ በ1972 በተፎካካሪው ሊግ፣ ማለትም በዓለም የሆኪ ማኅበር ውስጥ ተመሥርቶ በ1977 የዚያ ሊግ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ1979 ከኤድመንተን፣ ከዊኒፔግና ከሃርትፎርድ ጋር ወደ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ገባ። ከቼኮስሎቫኪያ ከድተው የመጡት የስታስትኒ ወንድማማቾች የደመቁበት ዘመን ሲያልፍ ቡድኑ ከ1988 እስከ 1992 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ከጥሎ ማለፉ ውጭ ሆነ። ውድቀቱ ግን ትርፍ ነበረው፤ ሊጉ ደካማ ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን ቀድመው እንዲመርጡ ስለሚፈቅድ፣ ኖርዲክ በ1989፣ በ1990 እና በ1991 የመጀመሪያውን ተጫዋች የመምረጥ ዕድል አገኘ። የ1991 ምርጫው ኤሪክ ሊንድሮስ ለኩቤክ አልጫወትም ብሎ አሻፈረኝ በማለቱ በ1992 ለፊላደልፊያ ተሰጠ። ኒውዮርክ ሬንጀርስም ሊንድሮስን ለመውሰድ ተስማምተን ነበር ብሎ ስለተከራከረ ጉዳዩን የቋጨው ገላጋይ ዳኛ ነው። በልዋጩ ፒተር ፎርስበርግን ጨምሮ በርካታ ተጫዋቾች፣ የወደፊት ምርጫዎችና 15 ሚሊዮን ዶላር ተገኙ። አምበሉ ጆ ሳኪክ፣ ተከላካዩ አዳም ፉት፣ አሰልጣኙ ማርክ ክሮፎርድ ሁሉም ከኩቤክ የተሻገሩ ናቸው።

መልስ 2፦
ስለ ሽያጩ ልጨምር። ደጋፊ ጠፍቶ ነው የሚለው አባባል ፈጽሞ አያሳምነኝም። ቡድኑ ትኬት የሚሸጠው በካናዳ ዶላር፣ ደመወዝ የሚከፍለው ግን በአሜሪካ ዶላር ነበር፤ የካናዳው ዶላር ደግሞ በዚያን ጊዜ ከ75 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ከተማዋ ለዚህ ስፖርት ትንሽ ገበያ ናት፤ አዳራሹ በ1949 የተከፈተ ስለነበር ከባለሀብቶች ልዩ መቀመጫዎች ዘመናዊ አዳራሾች የሚያገኙትን ገቢ አያስገኝም። የክለቡ ፕሬዚዳንት ማርሴል ኦቡ የክፍለ ሀገሩን መንግሥት እርዳታ ጠይቀው ስላልተሳካላቸው ቡድኑ በ75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። የሚያስቆጨው፣ በዚያው ዓመት ቡድኑ የምሥራቁን ምድብ በአንደኝነት ጨርሶ ነበር፤ በጥሎ ማለፉ ግን ገና በመጀመሪያው ዙር በሬንጀርስ ተሸነፈ።

መልስ 3፦
የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ግብ ጠባቂውን ረስተዋል። ፓትሪክ ሩዋ በታኅሣሥ 1995 ሞንትሪያል በዲትሮይት 11 ለ 1 በተሸነፈበት ምሽት ዘጠኝ ጎል ከገባበት በኋላ ለሞንትሪያል ዳግም እንደማይጫወት ለክለቡ ፕሬዚዳንት በግልጽ ነገራቸው፤ በአራተኛው ቀን ወደ ኮሎራዶ ተዛወረ። ሞንትሪያልና ኖርዲክ የለየላቸው ባላንጣዎች ስለነበሩ፣ ቡድኑ ኩቤክ ቢቆይ ኖሮ ይህ ዝውውር ይፈጸም ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል። ሩዋ በፍሎሪዳ ላይ በተደረገው የፍጻሜው አራተኛ ጨዋታ 63 ምቶችን አድኗል፤ የኮሎራዶው ኡዌ ክሩፕ በሦስተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ያስቆጠራት ብቸኛ ጎል ዋጋ ያገኘችው በዚህ ነው።

መልስ 1፣ በድጋሚ፦
ስለ ሩዋ ያሉት ትክክል ነው። ሆኖም ለእርሱ በልዋጭ ከተሰጡት አንዱ የነበረው ግብ ጠባቂ ጆስሊን ቲቦ ወደ ቡድኑ የመጣው ከሊንድሮስ ልውውጥ በተገኘው የ1993 ምርጫ ነው። ስለዚህ ሩዋን ለማምጣት የተከፈለው ዋጋ ራሱ ከኩቤክ የወጣ ነው።