ቫይረስ ባክቴሪያ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው እንዴ?

የአክስቱ ልጅ፦ ሰላም ወገን፣ አክስቴን የሽንት ኢንፌክሽን እየተመላለሰባት ሲፕሮ ወሰደች አልሰራም፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ አሳድገው የትኛው መድሃኒት እንደሚችለው የሚያዩበት ምርመራ) ሲሰራላት ባክቴሪያው ብዙውን መድሃኒት ተላምዷል አሏት። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ በቫይረስ ይታከማል ምናምን አለኝ፣ እኔ ቫይረስ ራሱ በሽታ ነው የሚመስለኝ፣ የሚያውቅ ካለ በናታችሁ

ላብ ሰው፦ እውነቱን ነው፣ ፌጅ ይባላል። የሰውን ሴል አይነካም፣ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና ዲኤንኤውን ያስገባል ከዛ ውስጥ ተባዝቶ አፈንድቶት ይወጣል። አዲስ ነገርም አይደለም እኮ፣ ጆርጂያ ትብሊሲ ያለው የኤሊያቫ ኢንስቲትዩት በፈረንጆች ከ1923 ጀምሮ አለ፣ ፔኒሲሊን ሲመጣ ምዕራባውያኑ ተዉት እንጂ። ችግሩ ፌጅ መራጭ ነው፣ ለየበሽተኛው የሚገጥመውን መፈለግ ያስፈልጋል

ሚጣ፦ ቶም ፓተርሰን የሚባለው አሜሪካዊ ፕሮፌሰርስ? ግብጽ ሽርሽር ሄዶ አሲኔቶባክተር የሚባል ባክቴሪያ ይዞት ኮማ ገባ፣ ሚስቱ ስቴፋኒ ስትራትዲ ኤፒዲሚዮሎጂስት (የበሽታ ስርጭት አጥኚ) ናት ራሷ ተመራማሪዎቹን አሳዳ ፌጅ አስፈለገችለት፣ በፈረንጆች 2016 ሳንዲዬጎ ላይ በደም ስሩ ሰጡትና ዳነ። ከፊሉ ፌጅ የተገኘው ከፍሳሽ ነው ስትሰሙ አትሳቁ 😂

የአክስቱ ልጅ፦ ወይ ጉድ! እና ከፋርማሲ ይገዛል?

ላብ ሰው፦ ኧረ አይገዛም ወንድሜ፣ አሁንም በአብዛኛው ምርምር ላይ ነው። አንተ የካልቸሩን ወረቀት ይዘህ ሐኪሟ ጋ ሂድ፣ ኤስ የሚል የተጻፈበት መድሃኒት ካለ እሱ ነው ባክቴሪያውን የሚችለው። ጎረቤት የተረፋትን አሞክሳሲሊን እንዳትሰጣት ብቻ