ክርክር፦ የክረምቱ ኳስ በብሎክ ይሁን ወይስ በዕጣ?

አወያይ፦ በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው ኮንዶሚኒየማችን ለክረምቱ የወጣቶች ውድድር ሁለት ሐሳብ ቀርቦለታል። አንደኛው እንደ አምናው ነው፤ ብሎኮቹ የየራሳቸውን ቡድን ያቆማሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው የገበሬው መንደር ሁለት ቡድን ይዞ ይገባል። ሁለተኛው የግቢውንና የመንደሩን ልጆች ስም ቀላቅሎ በዕጣ መደልደል ነው። አምና በፍጻሜው ቀን ድንጋይ ስለተወራወርን ነገሩ ከኳስ አልፏል። ተከራከሩ፤ ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይነሣል።

መምህሩ፣ ብሎክ 22፦ እኔ ከዕጣው ጋር ነኝ። የአምናው ነገር ከ70 ዓመት በፊት ተሞክሮ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ካምፕ አስገብቶ ለሁለት ከፈላቸው። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 12፣ ኑሯቸው ተመሳሳይ፣ ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ። ገመድ ጉተታና ቤዝቦል አወዳደራቸው፤ ለአሸናፊው ሽልማት አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ባንዲራ መቃጠል፣ ማደሪያ መወረር፣ መሰዳደብ መጣ። አብረው ይብሉ ቢባል ምግቡን ተወራወሩበት። ነገሩ መብረድ የጀመረው ውኃ ሲቋረጥና መኪናው አልነሣ ሲል ሁለቱም ወገን አንድ ገመድ ይዘው መጎተት ሲጀምሩ ነው። (ውኃውንም መኪናውንም እንዲህ ያደረጉት አጥኚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ማንም አይፈቅድላቸውም።)

እኛም አምና ዋንጫ አስቀምጠን፣ ግቢና መንደር ብለን ለይተን፣ ድንጋይ ሲወረወር ተገረምን።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ብሎክ 9፦ መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። አምና የመኪና መስታወት የተሰበረብኝ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ገለልተኛ አይደለሁም። ግን ሥራዬ ቁጥር ነውና በቁጥር ልናገር። “መቀራረብ ጥላቻን ይቀንሳል” የሚሉ ሰዎች ፔቲግሩና ትሮፕ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን ይጠቅሳሉ፤ 515 ጥናቶች ተሰብስበው በአብዛኞቹ መቀራረብ ባለበት ጥላቻ አንሶ ተገኘ። መልካም። ግን የቱ ቀደመ? መጀመሪያውንም የማይጠላ ሰው ነው ከሌላው ጋር የሚቀራረብ። ይህን ለመለየት ሰዎቹን በዕጣ መደልደል ያስፈልጋል። በ2019 ፓለክ የተባለች ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቿ እንደዚያ የተሠሩትንና ውጤታቸው ቢያንስ ከአንድ ቀን በኋላ የተለካውን ቢፈልጉ ያገኙት 27 ብቻ ነው። ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ስለ ዘርና ስለ ብሔር ያላቸውን ጥላቻ የፈተነ ደግሞ ከመካከላቸው አንድም የለም። ስለዚህ ተረጋግጧል አትበሉኝ።

ጡረተኛው፣ ብሎክ 3፦ እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ የሚያጠናኝ ከተገኘ ዝግጁ ነኝ።

ሳልቀልድ ግን አንድ ነገር ልናገር። ባለቤቴ ስታርፍ እዚህ ከገባን አራት ወራችን ነበር፤ የግቢው እድር ገና አልቆመም። ያልጠራኋቸው የመንደሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ተሸክመው በዚያ ዋልካ ጭቃ ውስጥ መጡ። አግዳሚውን ሲያወርዱ አንዱ ጎልማሳ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረበት፤ በአንድ ባዶ እግሩ ካስማውን ተከለ። ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ዛሬ ያንን ሰው ሳየው ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። የማላውቀው የመንደሩ ጎረምሳ በደረጃችን ሲወጣ ካየሁ ግን አሁንም በሬን እቆልፋለሁ። አፍራለሁ፤ እቆልፋለሁ።

መምህሩ፣ ብሎክ 22፦ ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ያሉት ነገር ኢራቅ ውስጥ የታየ ነው። ሳልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ በአይሲስ ተፈናቅለው የነበሩ ክርስቲያኖችን ቡድኖች ይዛ የኳስ ሊግ አቋቋመች። ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ክርስቲያን ተጫዋቾች፣ ለሌሎቹ ሙስሊሞች በዕጣ ደረሷቸው። በ2020 ባወጣችው ውጤት ሙስሊም የደረሳቸው ተጫዋቾች ለቀጣዩ ውድድር በድብልቅ ቡድን ለመመዝገብ ይበልጥ ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ፤ ከስድስት ወር በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ልምምድ መሥራቱን አልተዉም።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ብሎክ 9፦ የቀረውን ግማሽ እኔ ልጨርስልዎት። እነዚያው ተጫዋቾች በማያውቋቸው ሙስሊሞች መካከል፣ ለምሳሌ ሞሱል ውስጥ ወዳለ ምግብ ቤት ለመሄድ፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ጋሼ እንዳሉት ነው፤ ለሚያውቁት ይነሣሉ፣ ለማያውቁት ይቆልፋሉ። ታዲያ ለዚህ ነው የልጆቹን ቡድን የምናፈርሰው?

የመንደሩ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጫማው የቀረበት ሰው አጎቴ ነው። ጫማውን በማግሥቱ አግኝቶታል።

እኔ ጥናት አላነበብኩም። የማውቀው በሩን ነው። ጠዋት ወተት ይዤ ስመጣ ጥበቃው ሳይጠይቀኝ ይከፍታል፤ የስንቱን ቤት ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። ከሰዓት ኳስ ይዤ ስመጣ ያው ጥበቃ “ማንን ፈልገህ ነው?” ይለኛል። ስድስት ዓመት በየቀኑ ተገናኝተናል። መገናኘት ብቻውን የሚሠራ ቢሆን እስካሁን ዘመድ በሆንን ነበር።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ብሎክ 17፦ ይህ ልጅ የተናገረውን ምሁራኑ ቀደም ብለው ጽፈውታል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 መቀራረብ ጥላቻን እንዲቀንስ ሲያስብ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ሁለቱ ወገኖች በዚያ ሰዓት እኩል ይሁኑ፣ የጋራ ግብ ይኑራቸው፣ ይተባበሩ፣ ከበላይ ያለውም አካል ይደግፈው። ወተት ሻጭና ወተት ገዢ በየቀኑ ቢገናኙ አንዱም አልተሟላም።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ሴቶች ቤታችን ድረስ መጥተው ጀበና ይመርጣሉ፤ እያንኳኩ ድምፁን ይሰማሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። እናቴ ቡና ስትቀዳላቸው ግን “ጾመኛ ነኝ” ነው መልሱ። በፋሲካ ማግሥት ጾመኛ ነኝ ያለችን ሴት አስታውሳለሁ። ቡዳ ይሉን እንደነበር እናውቃለን፤ እነሱም ማወቃችንን ያውቃሉ። ጀበናውን ግን ሊያፈሉበት ይዘውት ይሄዳሉ።

የሒሳብ ባለሙያው ወንድሜ ቁጥር ስለሚወዱ አንድ ልጨምር። ማት ሎው የተባለ ተመራማሪ በ2021 ባወጣው ጥናት ሰሜን ሕንድ ውስጥ የተለያየ ካስት (በትውልድ የሚወረስ ማኅበራዊ ደረጃ) ያላቸውን ወጣቶች በክሪኬት ቡድኖች በዕጣ ደልድሏል። በአንድ ቡድን አብረው የተጫወቱት ከሌላ ካስት ጓደኛ አበዙ። ተቃራኒ ሆነው መግጠም ግን በአመዛኙ ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የወሰዳቸው። ስለዚህ “ውድድሩ እንዳለ ይቀጥል” ማለት ምንም አለማድረግ አይደለም፤ ተቃራኒ የማድረግ ውሳኔ ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ብሎክ 9፦ እህቴ፣ የፋሲካው ነገር እንቅልፍ ይነሣል። የሕንዱን አላነበብኩም ነበር። ያም ሆኖ ክሪኬት የተጫወቱት ጓደኛ አበዙ እንጂ ካስት አልቀረም።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ብሎክ 17፦ አልቀረም። ለእናቴ ግን አንዲት ጎረቤት ቡናውን ብትጠጣላት ይበቃት ነበር።

አወያይ፦ በእጅ ድምፅ ዕጣው 31 ለ 19 አልፏል። ድልድሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። የልምምድ ቦታ አልተወሰነም።

የመንደሩ ልጅ፦ ሜዳው እኛ ዘንድ ነው፤ በክረምት ግን ጭቃ ነው። ግቢ ውስጥ ያለው አስፋልት ይሻላል፤ ለዚያ ደግሞ በሩ አለ። ጥበቃዎቹን የሚያነጋግር ማን ነው?

ጡረተኛው፣ ብሎክ 3፦ እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ወንበር ብቻ አምጡልኝ።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ብሎክ 9፦ ልጄን መዝግቡልኝ፤ 14 ዓመቱ ነው፣ ተከላካይ። ሐሳቤን አልቀየርኩም።